ለዝንብ ፎቶ አንሺ የተላክን ሽማግሌዎች

እኔ ገብረየስ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ቤት አልነበረም። ለጉራ አይደለም የምናገረው፤ ሲኤምሲ ውስጥ የፈለጋችሁትን ሰው ጠይቁ። ልጅ ለመለመንም ሆነ የተኳረፉ ባልና ሚስት ለማስታረቅ፣ «አቶ ገብረየስ ይናገሩልን» ነው የሚባለው። ባለቤቴ ፈለቀች ግን፣ «ሰዎቹ እሺ የሚሉህ እኮ ንግግርህ እንዲያልቅላቸው ነው» ትለኛለች። እሷን ተዉአት፤ እኔን ማብሸቅ ሥራዋ ነው።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት ጉድ ሆንኩ። ያውም በዝንብ ምክንያት።

ነገሩ የሚጀምረው ከተከራያችን ከአብኔዘር ነው። ጡረታ ስወጣ ጓሮ ያለውን ሰርቪስ ቤት ለእሱ አከራየነው። አባቱን በልጅነቱ ያጣ፣ እናቱ ደብረ ብርሃን ያሉ፣ ቀና ብሎ ሰው የማያይ ጨዋ ልጅ ነው። ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶና የምርቃት ፎቶ ያነሳ ነበር። አንድ ቀን በማለዳ ሬዲዮኔን ይዤ በረንዳ ላይ ልቀመጥ ስወጣ፣ ይሄ ልጅ የጥብስ ቅጠሉ ሥር በሆዱ ተዘርግቷል። የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። ወድቆ ነው ብዬ፣ «ፈለቀች! ድረሽ! ልጁ አለቀ!» እያልኩ ስንደረደር አንድ እጁ ከቅጠሉ መሃል ብቅ አለ።

«እሽሽ… ጋሼ፣ ዝም ይበሉ እባክዎ፣ ትበርራለች!»

በገዛ ግቢዬ ዝም በል ተባልኩ! እኔ ገብረየስ! ለካ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ዝንብ ፎቶ እያነሳ ነው። ዝንቧማ የእኔን ድምፅ ስትሰማ ሄዳለች። ልጁ ተነሥቶ ጭቃውን እያራገፈ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ፊቱን ግን ብታዩት ዘመድ የሞተበት ይመስላል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ለመድነው ልበል? ፈለቀች ለመደችው። ማክሮ የሚሉት ሌንስ አለው፤ እንደ ጠርሙስ የረዘመ፣ አፍንጫው ሊነካ እስኪደርስ ድረስ ተጠግቶ የሚያነሳበት። ፈለቀች የጣለችውን የእርጎ ዕቃ ቆርጦ ፍላሹ ላይ አስሮታል፤ ብርሃኑ እንዲለሰልስ ነው ይላል። ማለዳ ማለዳ፣ ነፍሳቱ ብርድ ይዟቸው ክንፋቸውን ሳያፍታቱ፣ ከጎመን ወደ ጽጌረዳ፣ ከጽጌረዳ ወደ አጥር ሥር በሆዱ ይሳባል። አንድ ቀን ለፈለቀች የዘላይ ሸረሪት ፎቶ በኮምፒውተር አሳያት። ሁለት ትልልቅ ዓይን፣ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ፣ ግንባሯ ላይ የተበጠረ የመሰለ ፀጉር። ፈለቀች እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ «ውይ! እኔን እኮ ነው የምታየኝ!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሸረሪት በመጥረጊያ መምታት ክልክል ሆነ። መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ላይ ድር ያደራችውን እንኳ «ተዋት፣ ምን አደረገችህ» ብላ ታስጥለኛለች።

ይሁን። እኔን ያናደደኝ የፎቶ ቤት ሥራውን ሲተወው ነው። አንድ የውጭ መጽሔት ፎቶዎቹን አየና ላክልን አለው፤ እዚህም ለትምህርት ቤት መጻሕፍት ፈለጉት። በቃ፣ ሙሉ ቀን ነፍሳት ብቻ። «ምን ትሠራለህ?» ሲሉት «የነፍሳት ፎቶ አነሳለሁ» ይላል፣ ዐይኑን በጨው ታጥቦ። እኔ ነኝ የማፍረው፤ ጎረቤት ሲጠይቀኝ «በኮምፒውተር ነው የሚሠራው» እላለሁ።

እንዲህ እያለ ፍቅር ያዘው። ቢሊሴ ትባላለች። እዚሁ ሲኤምሲ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሕፃናት ታስተምራለች። ቀንድ አውጣና ጥንዚዛ ለልጆቹ እንዲያሳይላት ጠርታው ነው የተዋወቁት። ሳቂታ ናት፤ ቤታችን ስትመጣ ጓሮውን በሳቋ ትሞላዋለች። ለአባቷና ለእናቷ አንድ ናት። አንድ ምሽት አብኔዘር ከእናቱ ጋር በስልክ ተማክሮ መጣና፣ «ጋሼ፣ ያለ እርስዎ ሰው የለኝም። አባቷን ይለምኑልኝ። ቢሊሴን ካጣሁ እኔ…» ብሎ መጨረስ አቃተው። አንጀቴን በላው። «በእኔ ጣለው፣ ያለቀ ጉዳይ ነው» አልኩት።

ሦስት ሆነን ሄድን። እኔ፣ ጎረቤቴ ዘርአጽዮን እና መምሬ ተወልደብርሃን። የቢሊሴ አባት ኦቦ ዳጪ ቤታቸው ሳሊተ ምሕረትን አልፎ ነው። ያ ሁሉ ቪላ ከመሠራቱ በፊት አካባቢው የገብስ ማሳ ሳለ እዚያው የተወለዱ ሰው ናቸው። ማሳው በየጊዜው እየተቆረሰ ሄዶ ዛሬ የቀረቻቸው ከቤታቸው ጀርባ ያለችው ጓሮ ናት፤ ጎመን፣ ጌሾ፣ ከአጥር ውጭ ሳይቀር የተንሰራፋ ዱባ፣ አንድ ትልቅ ብሳና። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። ገና ሳያቸው ለንግግሬ የሚመቹ አድማጭ ናቸው ብዬ ደስ አለኝ።

«ተቀመጡ» አሉን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን፣ እንደ ወጉ። ቆመን ጀመርኩ። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ዝምድና፣ ስለ ልጁ ጨዋነት ተናገርኩ። ከወጥ ቤት የባለቤታቸው የእመት ደሪቱ የዶሮ ወጥ ሽታ እየመጣ ነው፤ ጥሩ ምልክት ነው። ኦቦ ዳጪ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ሥራው ምንድን ነው?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። እንዲህ ያለ የተከበረ ሰው ፊት ቆሜ፣ ጋቢዬን ለብሼ፣ «ልጃችን በሆዱ ተኝቶ ዝንብ ፎቶ ያነሳል» ልበል?

«በነፍሳት ሥራ ላይ የተሰማራ ባለሙያ ነው» አልኩ። እስከዚህ ድረስ ውሸት የለበትም። እዚች ላይ ባቆም ምን ነበረበት!

«ነፍሳት ማለት?»

«ተባዩ፣ ትንኙ፣ ሸረሪቱ… ምኑ ቅጡ! ሥራው እነሱን መከታተል ነው።»

«ይረጫል?»

የወደዱት መሰለኝ። ጓሮ ያለው ሰው ተባይ የሚያጠፋ አማች ቢያገኝ ምን ይጠላል? «መርጨት ብቻ ኦቦ ዳጪ! እሱ ባለበት ግቢ አንዲት ትንኝ ዝር አትልም! ጓሮዎን ይስጡትና ይዩት፣ በአንድ ቀን ሙልጭ አድርጎ ያጸዳልዎታል!»

ዘርአጽዮን በክርኑ ጎሰመኝ። የሚያበረታታኝ መስሎኝ ልቀጥል ስል ኦቦ ዳጪ ተነሡ። ፊታቸው ተለዋውጧል። «ልጅ የለኝም። ቀጠሮም አልሰጥም። በሰላም ሂዱ» አሉና በሩን ከፈቱልን። ወጡን ሳንቀምስ ወጣን። መኪና ውስጥ መምሬ ብቻ አንዴ «አይ ገብረየስ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ አብኔዘር ወደ በረንዳው መጣ። ቢሊሴ እያለቀሰች ደውላለት ነበር። ለካ ኦቦ ዳጪ ንብ አርቢ ናቸው። ብሳናው ላይ ቀፎ ሰቅለው፣ ከአባታቸው የወረሱትን ንብ ሲጠብቁ ነው የኖሩት። ማሳው ሁሉ ሲሄድ ንቦቹ አብረዋቸው ቀርተው ነበር። አምና ከአጥር ጀርባ ያለው አዲሱ ቪላ ግቢውን መድኃኒት አስረጨ። በማግስቱ ኦቦ ዳጪ ሲነሡ ግቢያቸው በሞተ ንብ ተሸፍኗል። በመጥረጊያ ነው የጠረጉት። ባዶውን ቀፎ ግን ከዛፉ ለማውረድ እጃቸው እምቢ ብሏቸው እስከ ዛሬ እንደተሰቀለ ነው።

«ለሷ አባት፣ መርዝ ይረጫል አሏቸው?» አለኝ አብኔዘር። አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ምን አውቄ! እሷስ እውነቱን አትነግራቸውም?»

«ነገረቻቸው። 'እንግዲያው ሽማግሌዎቹ ዋሽተውኛል፤ ውሸታም የሚልክ ልጅ አልፈልግም' አሏት።» መሬት መሬቱን እያየ፣ «ጋሼ፣ ሥራዬ ያን ያህል ያሳፍራል?» አለኝ።

ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ያ ሁሉ አንደበት የት እንደገባ እንጃ፣ ለዚች ለአንዲት ጥያቄ መልስ አጣሁ። ፈለቀች ከመስኮት ሆና ሰምታ ኖሮ ወጣችና፣ «እሑድ ትመለሳለህ። አጭር አድርገህ እውነቱን ትናገራለህ። አጭር! ሰማህ?» አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ልጁ ካሜራውን አልነካም። ማለዳ በረንዳ ላይ ስወጣ የጥብስ ቅጠሉ ሥር ማንም የለም፤ ግቢው ጭር ብሎብኝ ሬዲዮኔንም ሳልከፍት መቀመጥ ጀመርኩ።

እሑድ ማለዳ ሌላ ጣጣ መጣ። የዘርአጽዮን መኪና ጋራዥ ገብታለች፤ እኔ በጉልበቴ ምክንያት መንዳት ትቻለሁ። መምሬማ መንዳት ቢችሉም በቀሚስ አይሆንላቸውም። ስለዚህ የእኔን መኪና የነዳው ራሱ አብኔዘር ነው! ሽማግሌ የላከው ልጅ ራሱ ሾፌር ሆኖ ሽማግሌ ሲያደርስ የታየው እንግዲህ ያን ቀን ነው። ሱፍ ለብሷል፤ ካሜራው ከኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ፈለቀች ናት በግድ ያስያዘችው። «መኪና ውስጥ ትቆያለህ። ሰው ሲያልፍ ዝቅ ትላለህ። እንዳትወርድ!» አልኩት በሩ ላይ ስንደርስ። «እሺ ጋሼ» አለ።

ኦቦ ዳጪ ሽማግሌ ከበር አይመለስም ብለው ብቻ አስገቡን። ተቀመጡም አላሉንም። ቆመን ጀመርኩ፤ በእውነቴ ነው የምላችሁ፣ አጭር አደረግኩት። «ባለፈው የተናገርኩት የእኔ ጥፋት ነው። ልጁ አይረጭም። ልጁ የነፍሳት ፎቶ ነው የሚያነሳው። አፍሬበት ነው ሌላ ያልኩት፤ ማፈር የነበረብኝ ግን በራሴ ነው» አልኩ።

ኦቦ ዳጪ በዝግታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባለፈው የሚረጭ ነበር። ዛሬ ፎቶ አንሺ ሆነ። የሚመጣው እሑድ ደግሞ ፓይለት ትሉት ይሆናል።»

ዘርአጽዮን ሳቁ ሲያመልጠው ሳል አስመሰለው። እኔ ግን የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። «ኦቦ ዳጪ፣ ልጁን ራሱን ይጠይቁት! ውጭ ነው፣ መኪና ውስጥ ነው!» አልኩ። መምሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በየት አገር ወግ ነው ሙሽራው ከሽማግሌው ጋር የሚመጣው!

«እዚህ ድረስ?» አሉ ኦቦ ዳጪ። ቆጣ ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። እኛም እየተንደረደርን ተከተልን።

መኪናው በሩ ተከፍቷል፤ ሰው የለበትም። እንግዲህ ፈርቶ ሸሸ ብዬ ቅስሜ ስብር አለ። ኦቦ ዳጪ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተመለከቱና በድንገት ቆሙ። ከአጥሩ ሥር፣ ከአጥሩ አልፎ ወደ ውጭ ከተንሰራፋው ዱባ ቅጠል መሃል፣ ሁለት እግር ወጥቷል። ጫማው የተወለወለ፣ ሱሪው አዲስ ሱፍ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ።

«አንተ!» አሉ ኦቦ ዳጪ።

ከቅጠሉ ሥር እጅ ብቅ አለ። «እሽሽ… ዝም በል በእግዚአብሔር፣ ትበርራለች!»

ዝም በል! አማት ሊሆኑት የሚችሉትን ሰው! «አለቀልን» አልኩ በልቤ። ኦቦ ዳጪ ከዘራቸውን ጨብጠው ወደ ቅጠሉ ጎንበስ አሉ። ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

«ንብ ናት?» አሉ፣ በሹክሹክታ።

አብኔዘር ያን ጊዜ ነው ማን እንደሆኑ የገባው። ጀርባው ብቻ ሲደርቅ አየሁ። ግን አልተነሣም፤ ቢነሣ ትሄዳለች። «አዎ» አለ። «ሌሊት አበባው ውስጥ አድራ ነው። ብርድ ይዟታል። ፀሐይ ሲነካት ነው የምትሄደው። ይቅርታ… ከመኪና አትውረድ ተብዬ ነበር፣ በመስኮት ሳያት ግን…»

ኦቦ ዳጪ ከዘራቸውን መሬት ላይ አኖሩ። ነጭ ጋቢያቸውን ሳይሰበስቡ መጀመሪያ በጉልበታቸው፣ ከዚያ በክርናቸው፣ ከዚያ በሆዳቸው ጭቃው ላይ ወረዱ። አብኔዘር ትንፋሹን ይዞ ካሜራውን በቀስታ ወደሳቸው አዞረላቸው። «እዚህ ይዩ። እጅዎን እዚህ ያድርጉ። አዎ፣ ትንሽ ጠጋ… በቃ።»

በሩ ላይ እመት ደሪቱና ቢሊሴ ወጥተው ቆመዋል። ቢሊሴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወይ ልታለቅስ ወይ ልትስቅ ሆናለች።

«ያ ዋቀዮ፣ አምላኬ!» አሉ ኦቦ ዳጪ በመጨረሻ። «ዓይኗ ላይ ፀጉር አላት።»

«አላት። ሁለቱም ዓይኗ ላይ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ እጄ ላይ ስትራመድ… ፊቴ ላይ ስታርፍ… ዓይኗ ላይ ፀጉር እንዳላት አላውቅም ነበር።» «በዚህ ነው ስታየኝ የኖረችው?»

ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ከካሜራው ሳያነሡ፣ «ንቦች ከሰፈራችን ጠፍተው ነበር። ይቺ ከየት መጣች?» አሉ።

«አላውቅም። ግን ብቻዋን አትሆንም» አለ አብኔዘር። «እግሯ ላይ ያለውን የአበባ ዱቄት ያዩታል? ለራሷ አይደለም፤ ቤት አላት፣ የምታደርስለት አለ። ሩቅ አይሆንም።»

ኦቦ ዳጪ ቀና ብለው ከአጥሩ በላይ ብሳናውን፣ ብሳናው ላይ የተሰቀለውን ባዶ ቀፎ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ጋቢያቸው ጭቃ፣ ጢማቸው የአበባ ዱቄት ሆኗል።

«ና እይ፣ አንተ ውሸታም» አሉኝ።

ጉልበቴን አልኩ፣ ዕድሜዬን አልኩ፤ ማን ሰምቶኝ። ዘርአጽዮን በአንድ ወገን፣ መምሬ በሌላ ወገን ደግፈው አወረዱኝ። እኔ ገብረየስ፣ ለሽማግልና የሄድኩት ሰው፣ መንገድ ዳር በዱባ ቅጠል መሃል በሆዴ ተኛሁ። ኦቦ ዳጪ ካሜራውን አስጠጉልኝ። መጀመሪያ ቢጫ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ከቢጫው ውስጥ ወጣች። ወርቃማ ፀጉር የለበሰች፣ ጠል የተንጠለጠለባት፣ ትልቅ ጥቁር ዓይኗን እኔ ላይ የተከለች። ስንት ዓመት በበረንዳዬ ላይ ሬዲዮ ይዤ ስቀመጥ ይሄ ሁሉ በጥብስ ቅጠሌ ሥር ነበር። ከልጁ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ «አያሳፍርም» አልኩት። ልጁ ፈገግ አለ።

ያን ጊዜ ጉዳያችን ትዝ አለኝ። ሽማግሌ ነኝና፣ ነገር በእንጥልጥል አይቀርም። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «እንግዲህ ኦቦ ዳጪ፣ የመጣንበትን ጉዳይ በተመለከተ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለተደረገልን አቀባበል…»

«ሰጥቻለሁ» አሉ ኦቦ ዳጪ፣ ዓይናቸውን ወደ ካሜራው እየመለሱ። «አሁን ዝም በል፣ ትበርራለች።»

ዝም አልኩ።